ደካማውን ሞገድ ያጎላው መሐንዲስ፤ የኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ሕይወትና ሥራ

በግንብ ቤት ውስጥ ስልኩን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘዋወር፣ በመጨረሻም ከመስኮት አጠገብ ወይም ከሰገነት ላይ ቆሞ የሚነጋገር ሰው በዘመናችን ብርቅ አይደለም። ከማማው የተነሣው ሞገድ ከቤቱ ደጃፍ ደርሷል፤ ነገር ግን ብረት የታሰረበት ኮንክሪት፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ኃይሉን ስለሚያደክሙት ወደ ውስጥ ሲገባ ከሁካታው ተለይቶ የማይሰማ ይሆናል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የሞገድ ማጉያ በመሠረቱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም ከጣሪያ በላይ የሚተከል አንቴና፣ በመካከል የሚቀመጥ ማጉያና በቤት ውስጥ የሚሰቀል ሁለተኛ አንቴና ናቸው። መሣሪያው አዲስ ይምሰል እንጂ በውስጡ ያሉት ጥያቄዎች አሮጌ ናቸው። ደካማውን ሞገድ በምን ማጉላት ይቻላል? ሲጎላስ ከልክ እንዳያልፍ በምን ይገታል? አብሮት የሚጎላው ሁካታስ ምን ይደረጋል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ተራ በተራ አንሥቶ ሠርቶባቸዋል። ይህም ሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ነው። ሕይወቱ ለሬዲዮ ሙያ የዋለው ውለታ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ውለታውን ለማስከበር የተከፈለው ዋጋም ታሪክ ነው።

ከወንዙ በላይ ያለው ቤት

አርምስትሮንግ በዲሴምበር 18 ቀን 1890 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጆን አርምስትሮንግ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ያገለግል የነበረና በኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃ ሰው ነበር፤ እናቱ ኤሚሊ ስሚዝ ከትዳሯ በፊት መምህርት ነበረች። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ጡንቻን ያለ ፈቃድ በሚያንቀጠቅጥ ሕመም ተይዞ ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ቀረ። ሕመሙ ቢተወውም የትከሻውና የፊቱ መንቀጥቀጥ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም፤ በተለይም ስሜቱ ሲነካ ይብስበት ነበር። ከእኩዮቹ ተለይቶ ያሳለፈው ጊዜ ግን ዝምተኛና በራሱ የሚተማመን ሰው እንዲሆን አድርጎታል።

ቤተሰቡ በ1902 ከከተማው በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደ ዮንከርስ ተዛውሮ ከሐድሰን ወንዝ በላይ ባለ ከፍ ያለ ቤት ተቀመጠ። ወጣቱ ኤድዊን ስለ ማርኮኒ ሥራ ካነበበ በኋላ በጣሪያው ሥር ያለችውን ክፍል የሽቦ ጥቅልና የመቀበያ መሣሪያ መሥሪያ አደረጋት። በዚያን ጊዜ የነበሩት መቀበያዎች ማጉያ የሌላቸው በመሆናቸው በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የሚሰማው ከአንቴናው የተቀበለው ኃይል ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰሚው ሊጨምረው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እርሱም የአንቴናው ከፍታ ነው። በ1910 አርምስትሮንግ በወላጆቹ ግቢ ውስጥ 38 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ምሰሶ በገዛ እጁ አቆመ። ምሰሶው ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር በገመድ በተንጠለጠለ መቀመጫ እየተሳበ ከጫፉ ይወጣ ነበር። ከፍታን መውደዱም ከዚህ ዘመን ጀምሮ አብሮት የኖረ ጠባይ ሆነ።

ይህ የልጅነት ልምድ በዛሬው የቤት ማጉያ ተካላ ላይም የመጀመሪያው ደንብ ነው። ማጉያ ሞገድን አይፈጥርም፤ የተቀበለውን ያበዛል እንጂ። ከጣሪያ በላይ ያለው አንቴና ከማማው ጋር ፊት ለፊት የማይተያይ ከሆነ፣ ወይም ረጅምና ቀጭን ኬብል የተቀበለውን ኃይል በመንገድ ካባከነው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ማጉያ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የጎደለውን መልሶ አያመጣውም።

የ1912 ግኝት

አርምስትሮንግ በ1909 ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመረ። ከመምህራኑ አንዱ በረጅም የስልክ መስመሮች ላይ ባደረገው ምርምር የታወቀው ሚካኤል ፑፒን ነበር። በዚያን ዘመን የሬዲዮ ባለሙያዎች መነጋገሪያ የነበረው ኦዲዮን የሚባለው ባለ ሦስት አካል ቱቦ ሲሆን፣ ሠሪውም በ1906 ያወጣው ሊ ዴ ፎረስት ነው። በቱቦው ውስጥ የሚግል ክር፣ ጅረቱን የሚቀበል ፕሌትና በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ግሪድ አሉ። ቱቦው መጠነኛ ጥቅም ይስጥ እንጂ አሠራሩ ለሠሪው ለራሱም በትክክል ግልጽ አልነበረም። አርምስትሮንግ ግን በዩኒቨርሲቲው የመለኪያ መሣሪያዎች እየታገዘ ጅረቱን ደረጃ በደረጃ መመርመር ጀመረ።

ምርመራው እንዳሳየው በፕሌቱ መስመር ውስጥ የሚፈሰው ጅረት ወደ ግሪዱ የገባውን የሬዲዮ ሞገድ ምት ተከትሎ ይወዛወዛል። ታዲያ ይህ የጎላ ውዝዋዜ ከመጣው ሞገድ ጋር እኩል እየመታ ወደ ግሪዱ ቢመለስ፣ ዳግመኛ ይጎላል፤ ዳግመኛ የጎላውም ተመልሶ ሦስተኛ ይጎላል። በሴፕቴምበር 22 ቀን 1912 ሌሊት አርምስትሮንግ ይህንኑ ዑደት በዮንከርሱ ክፍሉ ውስጥ አገናኝቶ ሞከረው። ቀደም ሲል በጭንቅ ይሰሙ የነበሩት የሩቅ ጣቢያዎች ማዳመጫው ከጆሮ ላይ ወርዶ ሳለ እንኳ በክፍሉ ውስጥ የሚሰሙ ሆኑ። የ21 ዓመቱ ተማሪ ደስታውን መያዝ አቅቶት የተኛችውን እኅቱን ቀሰቀሳት። መልሶ ማጉላት የሚባለው ዘዴ በዚያች ሌሊት በእጁ ገባ።

አባቱ ግን ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርቱን እንዲጨርስ ስለፈለገ ለፓተንት ማመልከቻ የሚያስፈልገውን ገንዘብ አልሰጠውም። ወጣቱ በቤተ ዘመድ ምክር የመሣሪያውን ንድፍ ሥሎ በጃንዋሪ 31 ቀን 1913 በሕጋዊ አረጋጋጭ ፊት አስመሰከረ። በዚያው ዓመት ተመርቆ በኦክቶበር 29 ማመልከቻውን አስገባ፤ ፓተንቱም በኦክቶበር 6 ቀን 1914 ተሰጠው። በንድፉ መመስከርና በማመልከቻው መግባት መካከል ያለፉት ወራት ያን ጊዜ ብዙ ጉዳት ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ኋላ ግን በፍርድ ቤት የሚመነዘሩ ሆኑ።

በጃንዋሪ 1914 መጨረሻ በጣም ብርዳማ በሆነ ሌሊት አርምስትሮንግ መቀበያውን ይዞ በኒው ጀርሲ ግዛት በቤልማር ወደሚገኘው የማርኮኒ ኩባንያ ጣቢያ ሄደ። አብሮት ያደረው ዴቪድ ሳርኖፍ የተባለ የኩባንያው ወጣት ሠራተኛ ነበር። ሁለቱ እስከ ንጋት ድረስ ከአየርላንድና ከሃዋይ የሚመጡትን ምልክቶች እያዳመጡ አደሩ። ያች ሌሊት የሁለቱ ወዳጅነት መጀመሪያ ነበረች። ይኸው ሳርኖፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ የአሜሪካ ሬዲዮ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም የአር ሲ ኤ፣ ፕሬዚዳንት ይሆናል።

ዑደቱ ከልክ ሲያልፍ

አርምስትሮንግ ከግኝቱ ጋር ገደቡንም አብሮ አየ። ወደ ግሪዱ የሚመለሰው ኃይል ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ቱቦው ማዳመጡን ትቶ ራሱ ሞገድ ማመንጨት ይጀምራል። ይህ ጠባይ በአንድ በኩል ታላቅ በረከት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት የቱቦ ማሠራጫዎች የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። በሌላ በኩል ግን ጣጣ አመጣ። በ1920ዎቹ መልሶ በማጉላት የሚሠሩ መቀበያዎች በየቤቱ በገቡ ጊዜ፣ ድምፁን ለማጉላት ማዞሪያውን አብዝቶ የሚያዞር ሰው መሣሪያው ያፏጭበት ነበር። ፉጨቱ በዚያ ቤት ብቻ አይቀርም፤ ከአንቴናው ወጥቶ የጎረቤቱን መቀበያ ሁሉ ይረብሻል። የዚህም ቅሬታ በአሜሪካም በብሪታንያም የተለመደ ሆኖ ነበር። ብልሃቱ የተገኘው በአንቴናውና መልሶ በሚያጎላው ቱቦ መካከል የሚለይ ሌላ ቱቦ በማስገባት ነው።

ዛሬ በቤት የሚተከለው የስልክ ሞገድ ማጉያም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ለምሳሌ የ60 ዴሲቤል ማጉያ የተቀበለውን ኃይል አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያበዛዋል። እንግዲህ በቤት ውስጥ ካለው አንቴና የሚወጣው ኃይል ከሚሊዮን አንድ እጁ ብቻ እንኳ ተመልሶ ከጣሪያ በላይ ወዳለው አንቴና ቢደርስ ዑደቱ ይገጥማል፤ መሣሪያውም የ1920ዎቹን መቀበያ ያህል ያፏጫል። የዛሬው ፉጨት በጆሮ የማይሰማ በመሆኑ የቤቱ ባለቤት ላያውቀው ይችላል፤ የስልክ ማማው ግን ይሰማዋል፤ በአካባቢው ያሉት ደንበኞችም ይታወኩበታል። በብዙ አገሮች ማጉያን ያለ ፈቃድ መትከል የሚከለከለው ስለዚህ ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ የመገናኛ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ደንብም ለቤት የሚሸጡ ማጉያዎች ይህን ሁኔታ በራሳቸው እየለዩ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲጠፉ ያስገድዳል። ለተካዩ የሚቀርበው ምክርም አጭር ነው። ሁለቱን አንቴናዎች በከፍታና በግድግዳ ማራራቅ፣ የውጭውን አንቴና ጀርባ ወደ ቤቱ ማዞር፣ ይህም ካልበቃ የማጉያውን ኃይል መቀነስ ይገባል። በመካከላቸው ያለው መለያየት ከማጉያው ብዜት ሁልጊዜ መብለጥ አለበት።

ጦርነት፣ ሀብትና ትዳር

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ አርምስትሮንግ በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል የመኮንንነት ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ ፓሪስ ተላከ። በዚያም በ1918 ሁለተኛውን ታላቅ ሥራውን፣ ሱፐር ሄትሮዳይን የሚባለውን መቀበያ ሠራ። የዘመኑ ቱቦዎች ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ በሚገባ ማጉላት አይችሉም ነበር። እርሱም ከአየር የመጣውን ሞገድ በመቀበያው ውስጥ ከሚመነጭ ሌላ ሞገድ ጋር አደባልቆ ወደ አንድ ቋሚና ዝቅተኛ ድግግሞሽ ለወጠውና፣ ማጉላቱን በዚያ ደረጃ ላይ ፈጸመው። ማጉላት በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ወደ ፉጨት እንዳያደርስ በየደረጃው መከፋፈሉ የዘዴው ትልቅ ጥቅም ነበር። ፈረንሳዊው ሉስየን ሌቪም በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ቀደም ብሎ ሠርቶ ስለነበር የፓተንቱ አብዛኛው ክፍል በኋላ ለእርሱ ተወስኗል፤ ዘዴውን ወደ ሥራ ያደረሰው ግን አርምስትሮንግ መሆኑ ይታወቅለታል። የፈረንሳይ መንግሥትም በ1919 የሌዥን ዶኖር ኒሻን ሸልሞታል።

ከጦርነቱ ሲመለስ ሀብት በደጁ ቆሞ ጠበቀው። በ1920 ፓተንቶቹን ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በ335,000 ዶላር ሸጠ። በ1922 ደግሞ አር ሲ ኤ ለሌላ የፈጠራ ሥራው 200,000 ዶላርና 60,000 አክሲዮኖች ሰጠው፤ በዚህም የኩባንያው ትልቁ ግለሰብ ባለ አክሲዮን ሆነ። ወደ ሳርኖፍ ቢሮ ሲመላለስም ማሪዮን ማኪኒስ ከምትባለው ጸሐፊው ጋር ተዋወቀ። በ1923 የፀደይ ወራት ኩባንያው በኒው ዮርክ መካከል ካቆመው ማማ ጫፍ ላይ ወጥቶ በተነሣው ፎቶግራፍ ሳርኖፍን አስቆጣው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ማሪዮንን አገባ። ለሙሽራይቱ ያበረከተላትም በእጅ የሚያዝ ሱፐር ሄትሮዳይን ሬዲዮ ነበር።

የሃያ ዓመት ሙግት

በዚህ ሁሉ መካከል የመልሶ ማጉላቱ ጉዳይ በፍርድ ቤት ይንከባለል ነበር። ዴ ፎረስት ይህንኑ ዑደት በ1912 በነሐሴ ወር አስቀድሜ አግኝቻለሁ ብሎ ተከራከረ። የመጀመሪያዎቹ ፍርዶች ለአርምስትሮንግ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ዴ ፎረስት ገንዘብ አልነበረውም፤ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት አርምስትሮንግ የኪሣራ ጥያቄውን ትቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው በተዘጋ ነበር። እርሱ ግን ፍርዱ ሙሉ እንዲሆን ፈለገ። በዚህ ምክንያት የዘገየው ጉዳይ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1928 ለዴ ፎረስት ፈረደ፤ በ1934 ዳግመኛ አጸናለት።

ፍርዱ በሙያው ሰዎች ዘንድ ከባድ ቅሬታ አስነሣ፤ ብዙዎቹ ፍርድ ቤቱ የዑደቱን ምሥጢር አልተረዳውም የሚል እምነት ነበራቸውና። የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር የክብር ሜዳልያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው በ1917 ለአርምስትሮንግ ሲሆን፣ ምክንያቱም ይኸው ግኝት ነበር። በ1934 በፊላደልፊያ በተደረገው ጉባኤ አርምስትሮንግ ሜዳልያውን ሊመልስ ተነሣ። የማኅበሩ መሪዎች ግን አልተቀበሉትም፤ ይልቁንም የሽልማቱን ቃል በጉባኤው ፊት አጸኑለት። ጉባኤተኛውም ቆሞ አጨበጨበለት። ሕግ ለሌላው የፈረደውን የሙያ ማኅበር ለባለቤቱ መለሰለት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበር ለአባሉ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

ሁካታን ማሸነፍ

ማጉያ ሁሉ አንድ ጉድለት አለው፤ መልእክቱንም ሁካታውንም ሳይለይ ያጎላል። መብረቅ፣ ሞተርና የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሁሉ በሬዲዮው ውስጥ የሚንጫጩት በዚህ ምክንያት ነው። በቤት የሚተከለውም የስልክ ማጉያ ከውጭው አንቴና የተቀበለው ሞገድ ከሁካታው እምብዛም ያልበለጠ ከሆነ በስልኩ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ያበዛል እንጂ ንግግሩን አያጠራውም። አርምስትሮንግ ይህን ችግር ለብዙ ዓመታት ሲታገለው ቆይቶ ከሥሩ ነቀለው። የጊዜው ሬዲዮ መልእክቱን የሚሸከመው በሞገዱ ቁመት መጨመርና መቀነስ ሲሆን፣ ሁካታውም የሚያበላሸው ያንኑ ቁመት ነው። ስለዚህ እርሱ የሞገዱን ቁመት እንዳለ ትቶ ድግግሞሹን በመለዋወጥ መልእክቱን አሳለፈ፤ በመቀበያውም ቁመቱን እኩል የሚከረክም ክፍል አስገባ። ከዚያ በፊት ጆን ካርሰን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1922 ይህ መንገድ ሞገዱ የሚይዘውን ቦታ ለማጥበብ እንደማይረዳ አስረድቶ ስለነበር ሌሎች ትተውት ነበር። አርምስትሮንግ ግን ቦታውን ከማጥበብ ይልቅ አሰፋው፤ ጸጥታውም የተገኘው በዚሁ ነው። በዲሴምበር 26 ቀን 1933 የዚህን ዘዴ ፓተንቶች ተቀበለ። ዓለም ዛሬ ኤፍ ኤም ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው።

በ1934 ሳርኖፍ በኢምፓየር ስቴት ሕንጻ አናት ላይ ማሠራጫውን እንዲተክል ፈቀደለት። ሙከራውም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሎንግ አይላንድ ያለ ሁካታ ተሰማ። ሆኖም አር ሲ ኤ ልቡ በቴሌቪዥን ላይ ስለነበረ በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያውን እንዲያነሣ ተጠየቀ። አርምስትሮንግ በኖቬምበር 1935 ዘዴውን በመሐንዲሶቹ ማኅበር ፊት በተግባር ካሳየ በኋላ፣ በገዛ ገንዘቡ በኒው ጀርሲ አልፓይን በተባለው ስፍራ ከ120 ሜትር በላይ የሚደርስ ማማ አቆመ። ልጅ ሳለ በወላጆቹ ግቢ የጀመረውን ምሰሶ በሐድሰን ማዶ አገዝፎ ሠራው ሊባል ይቻላል።

ፌዴራላዊው ኮሚሽን በ1940 ለኤፍ ኤም የንግድ ሥርጭት ከ42 እስከ 50 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ቦታ ፈቀደ። አር ሲ ኤ በዚያን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ከፍሎ ፓተንቱን ያለ ተከታይ ክፍያ ለመጠቀም ጠየቀ። አርምስትሮንግ ግን ሌሎቹ አምራቾች ከሽያጫቸው እየከፈሉ ለአንዱ የተለየ ውል መስጠት አግባብ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፓተንቶቹን ለአገሩ ሠራዊት ያለ ክፍያ አበረከተ፤ የታንኮች ሬዲዮም በኤፍ ኤም ሠራ። በ1945 ግን ኮሚሽኑ ሥርጭቱን ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ወዳለው ቦታ አዛወረው። በሕዝብ እጅ የነበሩት መቀበያዎችና አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ ያቋቋሟቸው ጣቢያዎች መሣሪያዎች በአንድ ውሳኔ ከጥቅም ውጭ ሆኑ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አር ሲ ኤ የራሴ የምለው የኤፍ ኤም ዘዴ አለኝ በማለት ያለ ክፍያ ማምረቱን ስለቀጠለ አርምስትሮንግ በ1948 ከሰሰው። ክሱ ከመሰማቱ በፊት የነበረው ምርመራ ብቻ ዓመታትን ፈጀ። በ1950 የመጀመሪያዎቹ የኤፍ ኤም ፓተንቶች ዘመናቸው አበቃ፤ ገቢው ተቋረጠ፤ የጠበቆቹ ወጪ ግን አልተቋረጠም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው፣ ከደመወዝ ይልቅ ነጻነቱን የመረጠው ሰው፣ ሀብቱን ሁሉ በሙግቱ ውስጥ አሟጠጠ። ሌሊትና ቀን ከዚሁ ጉዳይ በቀር አይናገርም አያስብም ነበር።

በ1953 መጨረሻ ለእርጅናቸው በማሪዮን ስም ያስቀመጠውን ገንዘብ ለክሱ እንዲውል ሲጠይቃት ተጣሉ፤ እርሷም ወደ እኅቷ ቤት ሄደች። ለብቻው የቀረው አርምስትሮንግ ለባለቤቱ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ ከተወ በኋላ በጃንዋሪ 31 ቀን 1954 በ63 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የመልሶ ማጉላቱን ንድፍ ካስመሰከረበት ዕለት ጀምሮ ልክ 41 ዓመት ሆኖ ነበር።

በዚህ ሕይወት ውስጥ የሚያሳዝነው ነገር ለባለሙያ ግልጽ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚመለሰውን ኃይል መቼ እንደሚገታ ከማንም በላይ ያወቀው መሐንዲስ፣ በልቡ የሚመላለሰውን በደል የሚገታበት ማዞሪያ አላገኘም። እያንዳንዱ ፍርድ ወደ መጀመሪያው ቁስል ይመለሳል፤ ቁስሉም እያደገ ለሚቀጥለው ሙግት ኃይል ይሆናል። በደሉ እውነተኛ መሆኑ ዑደቱን አልቀነሰውም።

የተወው ቅርስ

ማሪዮን አርምስትሮንግ የባሏን ክስ አልተወችም። በ1954 ዓመቱ ሳያልቅ አር ሲ ኤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ታረቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ኩባንያዎች አንድ በአንድ ረታች፤ የመጨረሻው ጉዳይ ከሞቶሮላ ጋር የነበረው ሲሆን በ1967 ለእርሷ ተወስኖ ተዘጋ። እርሱ ዕድሜውን የጨረሰበትን ሙግት እርሷ በትዕግሥት ከዳር አደረሰችው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሚዩኒኬሽን ኅብረትም በ1955 ስሙን በታላላቅ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት መዝገብ አሰፈረ።

ሥራው ከእርሱ በኋላ ረጅም መንገድ ሄዷል። የፖሊስ መኪናዎች ሬዲዮ ኤፍ ኤምን ገና በ1940 ተቀብሎት ነበር። በ1983 በአሜሪካ ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎትም ድምፅን ያስተላልፍ የነበረው በዚሁ ዘዴ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዲጂታል ስልኮች የመልእክቱን አጻጻፍ ለውጠዋል፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ሁካታን የማሸነፍ ሐሳብ አልተለያቸውም። የአልፓይን ማማም እስከ ዛሬ ቆሟል። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንጻዎች ፈርሰው የኒው ዮርክ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንቴናቸውን ባጡ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ ሥርጭታቸውን የቀጠሉት ከዚሁ አረጋዊ ማማ ላይ ነው።

ከዚህ ታላቅ ነገር አጠገብ የቤት ማጉያው ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ደንቡ አንድ ነው። ጣሪያ ላይ የወጣው ተካይ ከሁሉ አስቀድሞ ማማውን የሚያይ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚቀበለው ሞገድ ከሁካታው የበለጠ መሆኑን ይለካል፤ ከዚያም ሁለቱ አንቴናዎች እርስ በርሳቸው እንዳይሰማሙ ይለያያቸዋል። ማጉያውን የሚከፍተው ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ ባለሙያ ስሙን ባያውቀውም እንኳ አርምስትሮንግ የሠራውን መንገድ ይከተላል፤ ጎረቤቱም በሰላም ያዳምጣል።